«አልወለደቻትም» ያለ

ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለቄስ አምደሚካኤል
ሮብ ገበያ

እንደምን ሰነበቱ አባቴ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?

አዎ፣ የደብረ ማርቆሱ የአማረ ልጅ ነኝ፤ ወፍጮ ቤት የነበረው። «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው በመጠየቅዎ አልተቀየምኩም። እዚህ አገር ማንም እንዲህ ጠይቆኝ ስለማያውቅ ደስ እንኳ አለኝ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔ ሕግ ተምሬ በዚህ የአውሮፓ የወደብ ከተማ ለስደተኞች ጥብቅና እቆማለሁ። ሥራነሽ ደንበኛዬ ናት፤ ለእርስዎ ደግሞ የንስሐ ልጅዎ። ሁለታችንም የእርሷን ምስጢር ጠባቂዎች ነን ማለት ነው። ይህ እንደሚያቀራርበን ተስፋ አደርጋለሁ። ወይም ደግሞ... ልቀጥል።

ጉዳዩ ምን ላይ እንደ ደረሰ ጠይቀውኛል። ጥሩ ቦታ ላይ አይደለም።

ሥራነሽ ከአገር ከወጣች አራት ዓመት ሆናት። ለምን እንደ ወጣች እርስዎ ያውቃሉ፤ እዚህም አምነዋት ጥገኝነት ሰጥተዋታል። ስደተኛ ሆኖ የታወቀ ሰው ልጁን የማምጣት መብት አለው። ስለዚህ በአጎቷ በባዘዘው ቤት ያለችውን ልጇን አርሴማን ለማምጣት አመለከተች። ልጅቱ የልደት ምስክር ወረቀት ስለሌላት የዚህ አገር መሥሪያ ቤት የዲኤንኤ ምርመራ አዘዘ። የእናቲቱ ናሙና ከዚህ፣ የልጅቱ ከአዲስ አበባ ተወሰደ። ውጤቱ ባለፈው ሳምንት መጣ። የእናትና የልጅ ዝምድና የላቸውም ይላል።

መሥሪያ ቤቱ «ዋሽተሻል» ብሎ ማመልከቻዋን ጥሎታል። እስከ ኅዳር 1 ቀን ከነማስረጃው ይግባኝ ካላቀረብን መዝገቡ ይዘጋል፤ አርሴማም አትመጣም።

ሥራነሽን ጠየቅኳት።

«ልጄ ናት» አለች።

«ወልደሻታል?»

«ልጄ ናት አልኩሽ እኮ! ጆሮ የለሽም?»

ሦስተኛ ስጠይቃት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። በሩ ላይ ደርሳ «መምሬን ጠይቂ» አለችኝና ወጣች።

ይኸው ጠየቅኩ። አርሴማ የሥራነሽ ልጅ የሆነችው እንዴት ነው?

በሥራዬ እተማመናለሁ አባቴ። ከዚህ የከበደ ጉዳይ አሸንፌ አውቃለሁ። እውነቱን ሳላውቅ ግን ይግባኝ ጽፌ አላውቅም።

ልጅዎ ማርያማዊት አማረ


ነሐሴ ፳፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት አማረ

ከቾቄ ጉም በታች ሆኜ፣ ባሕር ማዶ ላለሽው፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ በቸርነቱ ደኅና ነን። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅር በይኝ፤ መንገዱ ለአሥራ ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር። ስልኩም እንደዚያው። አሁን ይህን ወረቀት ደብረ ማርቆስ ላለው ለይታያል እልከዋለሁ። የፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ኔትወርክ ሲመጣ አንሥቶ ይልክልሻል።

አባትሽን አስታውሰዋለሁ። የደብሩን የመገበሪያ ስንዴ ስናመጣ ወረፋ አያስጠብቀንም ነበር።

«ልጅቱ እንዴት ናት?» ማለትሽ አይቀርም። ደኅና ናት። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ቁመቷ ባዘዘውን አልፎታል፤ ምላሷማ ከድሮም አልፎታል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ጠብቃ «መምሬ፣ መላእክት ከሰማይ ሲወርዱ ፓስፖርት ይጠየቃሉ?» አለችኝ። «ወረቀት የሚጠየቀው ሥጋ ያለው ነው» አልኋት። «እንግዲያ ሥጋ መሆን ጥፋት ነው?» አለች። መልስ ሳጣ ትስቅብኛለች።

የጠየቅሽኝን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

አርሴማ የሥራነሽ ልጅ ናት። ከዚህ የሚበልጥ ቃል ከእኔ አታገኚም። ማስረጃ ከተፈለገ ግን ይኸው ልኬያለሁ። «ሥራነሽ አርሴማን ዘጠኝ ወር በማኅፀኗ ተሸክማ ወልዳለች» የሚል ነው። እኔ፣ ሽማግሌው ገዳሙና ሽማግሌው መሳፍንት ፈርመንበታል። የደብሩም ማኅተም አርፎበታል። ቀለሙ ደርቆ ስለ ነበር ጥቂት ውኃ ጠብ አድርገንበታል፤ ደብዝዞ ቢያዩት የሐሰት እንዳይመስላቸው አስረጂያቸው።

ማሽን ሊሳሳት ይችላል። ሦስት ሽማግሌ ግን ባንድ ቀን አይሳሳትም።

ቄስ አምደሚካኤል


መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባቴ፣ እንኳን ለዘመን መለወጫው አደረሰዎ።

«ወረቀቱን ሰጠሻቸው ወይ?» ብለው በይታያል በኩል ያስጠየቁኝን ሰማሁ። አልሰጠሁም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እባክዎ አይቆጡኝ። እርስዎንና ሽማግሌዎቹን ለመድፈር አይደለም። ወረቀቱ «ወልዳለች» ይላል፤ ምርመራው «አልወለደችም» ይላል። ይህን ባቀርብ «እናቲቱ ዋሸች» ያሉት «ቤተ ክርስቲያኑም ዋሸ» ሊሉ ነው።

አንድ ነገር በደንብ ሳላስረዳዎ ቀርቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ የምመካበት ሕግ የዚህ አገር ብቻ አይደለም። ከሃያ የሚበልጡ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ያወጡት ነው፤ ማንኛውም ዳኛ ሊያልፈው አይችልም። ያ ሕግ የሚለው የሥጋ ልጅ ብቻ ትምጣ አይደለም። አሳድጌ የራሴ ያደረግኳትንም ይቀበላል። መሥሪያ ቤቱ ጥያቄውን አጥብቦ ደም ጠየቀ እንጂ ሕጉ ከጥያቄው ይሰፋል። አርሴማ ከሥራነሽ ካልተወለደች፣ እንዴት ልጇ እንደ ሆነች የሚናገር አንድ ሰው ካገኘሁ አሸንፋለሁ። ይህን በድፍረት እነግርዎታለሁ።

ልጅ ሳለሁ ደብረ ማርቆስ ጎረቤታችን የጡት ልጅ ነበራት ሲባል ሰምቻለሁ። በሹክሹክታ። ከዚያ በላይ አላውቅም። ይህንኑ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ነገርኩት።

«እንዲህ ያለ ባህል ካለ ከመጀመሪያው ለምን አልተናገሩም?» አለኝ።

«ስለማይነገር ነው።»

«ማን ከለከላቸው?»

እርሱ ዝምታዬን ሲጽፍ አየሁት፤ እንዴት እንደ ጻፈው ግን አላውቅም።

እርስዎን ልጠይቅ። ማን ከለከላቸው?

ማርያማዊት


ጥቅምት ፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት

እኔ ነኝ።

ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥሁና ወጣሁ። ገብሱን ዞሬ አየሁ። ምንም አልሆነም። ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ስለ አንዲት ሴት ስም ጠርቼ አልነግርሽም። ስለ ሥርዓቱ መናገር ግን አልተከለከልሁም። በእኛ አገር ማሳደግ የማትችል እናት ልጇን ላልወለደች ሴት ስትሰጥ ሰባት ሽማግሌ ይቀመጣል። ተቀባይዋ ጡቷን ማር ትቀባለች፤ ሕፃኗም ትጠባለች። ከዚያ ቄሱ መስቀሉን ይዞ ይነሣና ይገዝታል። «ከዛሬ ጀምሮ ይህችን ልጅ አልወለደቻትም ያለ በቃሉ የታሰረ ይሁን» ይላል። ሕዝቡ አሜን ይላል። የወለደችውም ከሕዝቡ ጋር አሜን ትላለች።

ጭካኔ እንዳይመስልሽ። የሰውን አፍ አንቺም ታውቂዋለሽ። ልጅቱ ውኃ ወርዳ ከእኩያዋ ጋር ስትጣላ፣ ሙሽራ ሆና ዘር ስትቆጠር፣ መሬት ሲከፈል፣ ያ ቃል ይወጣል። ግዝቱ አጥሯ ነው። እናንተ መብት የምትሉትን እኛ በአፍ ላይ በምንጥለው ማሰሪያ እንጠብቀዋለን። ከዚህ የሚሻል ርኅራኄ አላውቅም ነበር።

ጥፋቱ የሥርዓቱ አይደለም፤ የእኔ ነው። ልማዱ «በክፋት አልወለደቻትም ያለ» ብሎ መገዘት ነው። ደግ ቀን ወይ ጭንቅ ቀን ቢመጣ በር ይቀራል። አንድ ቀን ግን፣ የየትኛዋ ልጅ እንደ ሆነ አትጠይቂኝ፣ ቅስና በተቀበልሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ድምፄም ያምር ነበር፣ «በክፋትም ሆነ በደግ፣ በሸንጎም ሆነ በጓዳ፣ እኔንም ጨምሮ» ብዬ ገዘትሁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አሜን ከተባለ በኋላ ገዳሙ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «መምሬ፣ ቤት ስትሠራም እንዲህ ነህ? በር አትተውም?» አለኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ።

ስለዚህ አፌ ታስሯል። ያሰርሁትም እኔ።

የእናንተ ሕግ በር አለው? አንድ ነገር ደግሞ። ነገሩ በሸንጎ ቢነገር ልጅቱ ትሰማለች ወይ?

ቄስ አምደሚካኤል


ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባቴ ለቄስ አምደሚካኤል

ሁለቱንም ጥያቄ በቀጥታ እመልሳለሁ፤ እርስዎም በቀጥታ ነግረውኛልና።

በር አለው። ስለ ስደተኞች ቤተሰብ በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ «ርኅራኄ» የሚል ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። ያገኘሁት ስደተኛ ሰነድ ስለ ጎደለው ብቻ አይከልከል፤ ሌላ ማስረጃውም ይታይለት የሚል ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፉት ሰዎች የሚሸሽ ሰው ሣጥኑን ይዞ እንደማይሸሽ ያወቁ ናቸው። ለእኔ ቃሉ ያው ነው።

ሁለተኛው። አዎ፣ ልጅቱ ትሰማለች። ችሎቱ ዝግ እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ ይፈቀድልኛል። ከአርሴማ ግን መደበቅ አይቻልም። ስለ አንድ ልጅ ሲወሰን የልጁ ቃል መሰማት አለበት፤ ይህም ራሱ መብቷ ነው። አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ ጠርተው ይጠይቋታል። ሌላ ሰው ሳይነግራት ከአንድ እንግዳ ሰው አፍ ልትሰማው ትችላለች። ይህን ባልነግርዎ ደስ ባለኝ።

አሁን የከፋውን ልጻፍ። ደብዳቤዎን ለሥራነሽ አላሳየኋትም። ፊቴን ብቻ አይታ አወቀች።

«ይህን ከምትሰማ እዚያው ትቅር» አለች።

«አራት ዓመት የለፋሽበትን?»

«አምስተኛም እለፋለሁ። አንቺ ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ ዝም በይ።»

እኔ የእርሷ ጠበቃ ነኝ፤ ያላዘዘችኝን አልጽፍም። አሸንፋለሁ ያልኩዎትን አልሰረዝኩም። ግን ለማሸነፍ የሚያስፈልገኝ ሰው ሁለት ነው፤ ሁለቱም አፋቸው ታስሯል። ሃያ ቀን አልቀረኝም።

ማርያማዊት


ጥቅምት ፳፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት

ሰላምታ ላሳጥር። ጊዜ የለሽም።

ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ መርጡለ ማርያም ወዳሉት ወደ ነፍስ አባቴ ሄድሁ። የሄድሁበትን መንገድ አልነግርሽም፤ ብቻ ደረስሁ። የበደልሁትን ሁሉ ዘርዝሬ ተናገርሁ። እርሳቸው ሲያዳምጡ ያንቀላፉ ይመስላሉ። ስጨርስ «ያሰርኸው ለማን ብለህ ነበር?» አሉኝ። «ለልጅቱ» አልሁ። «እንግዲያ ለልጅቱ ፍታ» አሉና ለኃጢአቴ ንስሐ ሰጡኝ። ለትዕቢቱ ነው እንጂ ለግዝቱ አይደለም።

ስለዚህ አሁን ስም እጠራለሁ። አርሴማን የወለደቻት ወለተ ማርያም ናት። ከባዘዘው ቤት ሁለት ማሳ አልፎ ትኖራለች። ባሏ በሞተ ዓመት፣ በአራት ልጅ ላይ የመጣች ናት አርሴማ። አሥራ አምስት ዓመት በየቀኑ ስታልፍ አይታታለች፤ አንድ ቀን እንኳ ከሌሎች ልጆች ለይታ አልጠራቻትም።

ማንንም ሳልሰበስብ በፊት ለአርሴማ እኔ ራሴ ነገርኋት። ረቡዕ፣ ከገበያ ስትመለስ። ምን እንዳለች አልጽፍልሽም። ያዘለችውን ድንች አወረደች፤ መልሳ አዝላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ አልመጣችም። ሥራነሽ ትቆጣኛለች። ትቆጣ።

ከዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሰባቱ በሕይወት ያለነው እኔ፣ ገዳሙና መሳፍንት ብቻ ነን። ግዝቱን ፈታሁ።

«ስታስር ድምፅህ ከቾቄ ማዶ ይሰማ ነበር፤ ስትፈታ ምነው እንደ በሽተኛ?» አለኝ ገዳሙ።

መሳፍንት ደግሞ በሌላ ተጨነቀ። «ባለፈው ወልዳለች ብዬ ፈርሜ፣ ዛሬ አልወለደችም ብዬ ስፈርም ፈረንጁ ምን ይለኛል?»

«ፈረንጁ የት ያውቅሃል? ይልቅ እግዚአብሔርን ፍራ።»

«እርሱማ ያውቀኛል! የቸገረኝ እርሱ አይደል?»

ወለተ ማርያም ሳትጠራ መጣች። «ቃሉ የእኔ ነው፤ እናንተ ምስክር ሁኑ» አለች። እርሷ እየተናገረች እኔ ጻፍሁ። «አርሴማን የወለድኋት እኔ ነኝ። ልጅነቷ የሥራነሽ ነው። የሰጠኋት ወድጄ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም።» አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ያን ሁሉ ዘመን የያዘችው ሦስት መስመር አልሞላም።

ለሥራነሽ ይህን አንብቢላት፦ «ልጄ ሥራነሽ፣ ግዝቱ ለአንቺ የተጣለ አልነበረም፤ ለአርሴማ ነበር። አንቺን ከሐፍረት ሊጠብቅ አልተሠራም። እኔም አንቺም ተሳስተን የራሳችን አድርገነው ኖርን።»

ቃላችን ከዚህ ጋር ተያይዟል። ይታያል ዛሬውኑ ይልክልሻል።

ቄስ አምደሚካኤል


የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባቴ፣

ተፈቅዷል። መጀመሪያ ይህን ያንብቡ ብዬ ነው ሰላምታውን ያስቀረሁት። አራት ወር ያህል ያለ መልስ ስላቆየሁዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያልተረጋገጠ ነገር መጻፍ ፈርቼ ነው።

«ሥራነሽ ምን አለች?» ብለው በይታያል በኩል ላስጠየቁኝ። የላኩላትን ቃል ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «መምሬ አዋረዱኝ» አለች፤ ሦስት ቀን ስልኬን አላነሣችም። መዝገቡ ሊዘጋ በዋዜማው ጠዋት ቢሮዬ መጥታ ወንበር ሳትይዝ «ጻፊ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ስጽፍ ግን አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን መስመር ታስተረጉመኝ ነበር። «የጡት ልጅ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስቀየረችኝ።

አንድ ነገር ሳላስፈቅድዎ አድርጌያለሁ። መሳፍንትም ይወቁት። ያን የመጀመሪያውን ወረቀት፣ «ወልዳለች» የሚለውን፣ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ከአዲሱ ጋር አብሬ አስገባሁ። ባልደረባዬ አብደሻል ብሎኝ ነበር። ግን ዳኛዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ፣ ያንኑ ማኅተምና ያንኑ ፊርማ እያየች፣ «እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያው ጊዜ ለምን እንዲህ ጻፉ?» ብላ ጠየቀች። የምፈልገው ይህንኑ ጥያቄ ነበር። ስለ ግዝቱ ነገርኳት። ሰዓቱ አልፎ ተናገርኩ፤ አላቋረጠችኝም።

በውሳኔው ላይ የምስክሮቹ ዝምታ ማጭበርበር ሳይሆን እናትነቱ የቆመበት መሠረት ነው ብላ ጽፋለች። የልጅቱም ጥቅም ከእናቷ ጋር መኖር ነው ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር የሚያነቡት ሌሎች ጠበቆች የሮብ ገበያን መንገድ አያውቁትም። ግን ይጠቅሱታል።

የአርሴማ የኤምባሲ ቃልም መዝገቡ ላይ አለ። «እናትሽ ማን ናት?» ተብላ ተጠይቃለች። «እናቴ እዚያ ናት። ለዚህ እኮ ነው እዚህ የመጣሁት» ብላለች። ጠያቂው ሁለተኛ አልጠየቃትም።

ከእርስዎ ጋር ታርቃ ይሆን? ውሳኔው ውስጥ ያልሰፈረው ይህ ብቻ ነው።

ልጅዎ ማርያማዊት


ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት፣ ከትንሣኤው ደስታ ድርሻሽ ይድረስሽ

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ አርሴማ ትደርስ ይሆናል። ቢሆንም እጽፈዋለሁ፤ የምትነግርሽ አይመስለኝምና።

ስለ እርቁ ጠይቀሽኛል። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ መጥታ መስቀል ተሳለመች። ከዚያም «መምሬ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሁሉም የሚያውቀውን እኔ ብቻ ነበርሁ የማላውቀው?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት። «ታዲያ የተገዘተው ለእኔ ነው ወይስ በእኔ ላይ?» ይህን ጊዜ አልሳቀችብኝም።

ትናንት ዘመድ ሁሉ እስከ ሉማሜ ሸኛት። ከደብረ ማርቆስ ብንሰናበት ይበቃ ነበር፤ ግን ማንም ቀድሞ መመለስ አልፈለገም። ሉማሜ ሻይ ቤት ገባን። ባዘዘው ስንቁን ሦስት ጊዜ ፈትቶ አሰረው። ወለተ ማርያምም መጥታ ነበር። ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ፣ እንደ ማንም መንገደኛ፣ ለብቻዋ ተቀመጠች። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጡሩንባውን ሲነፋ ሁላችንም ተነሣን።

አርሴማ ግን አልተነሣችም።

«መምሬ፣ ግዝቱ ተፈትቶ ነው የሚቀረው?»

«ተፈታ እኮ ልጄ። ወረቀቱም ጸደቀ።»

«እንደገና ይገዝቱ።»

«አሁን? ሻይ ቤት ውስጥ?»

«መስቀልዎ አብሮዎት አይደል?»

ገዳሙ «ይህችን ነበር ቄስ ማድረግ» አለ። ባዘዘው ቆጣ አለባት፤ አውቶቡሱ ይሄዳል አላት። «ይጠብቅ» አለች። ከዚያ ቃሉን ራሷ ትነግረኝ ጀመር። በቅስና ዘመኔ በልጅ አፍ ቃል እየተሰጠኝ ገዝቼ አላውቅም። መስቀሌን አወጣሁ። እርሷ ያለችውን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ደገምሁት፦

«ሥራነሽ የአርሴማ እናት አይደለችም ያለ የታሰረ ይሁን። ወለተ ማርያም አርሴማን አልወለደቻትም ያለም የታሰረ ይሁን።»

ሻይ ቤቱ ሁሉ ተነሥቶ አሜን አለ። የአውቶቡሱ ረዳት ሊጠራን ገብቶ ነበርና ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ኮፍያውን አውልቆ አሜን አለ። አርሴማ የሽማግሌውን ጉልበት ሁሉ ሳመች። አግዳሚው ዘንድ ስትደርስ አልጎነበሰችም፤ ጎኗ ተቀመጠች። ምን እንደ ተባባሉ አልሰማሁም። ረዳቱም ሁለተኛ አልጠራትም።

ልጄ ማርያማዊት፣ ይህን ቃል አንብበሻልና ከአሁን ጀምሮ ግዝቱ አንቺንም ይዞሻል። ለሥራነሽም አንብቢላት፤ እርሷንም ይያዛት።

ቄስ አምደሚካኤል